የፍሪላንሰር ሰዓት የማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በግሉ የሚሠራ ባለሙያ በየቀኑ በማኅበራዊ ሚዲያ ካልታየ ከገበያ ይወጣል የሚለውን የዓምደኛችሁን ምክር ደጋግሜ አነበብኩት። በቅንነት እንደተጻፈ አልጠራጠርም። እኔ ግን የምተዳደረው የመጻሕፍት ሽፋንና የውስጥ ገጽ በማዘጋጀት ነውና፣ ሙያውን ገና የሚጀምሩ ወጣቶች ምክሩን እንዳለ ተቀብለው የሥራ ሰዓታቸውን እንዳይበትኑ ስለምሰጋ ይህን ጻፍኩ።

ዓምደኛው ለመለጠፍ ይበቃል ብለው «ጥቂት ደቂቃ» ያሉት ነገር ጥቂት ደቂቃ ሆኖ አያውቅም። አንድ ሽፋን ለመለጠፍ መጀመሪያ ደራሲውንና አሳታሚውን ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ መጽሐፉ ገና ገበያ ላይ ካልዋለ ደግሞ ፈቃዱ አይገኝም። ቀጥሎ ምስሉን ለስልክ እንዲመች ማስተካከል፣ ጽሑፍ ማሰናዳት፣ አስተያየት ለሰጡ ሰዎች መመለስ አለ። ከሁሉ የሚከፋው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ እጅ ሥራ ላይ ሆኖ ልብ «ስንት ሰው አየው?» እያለ ስልኩ ዘንድ ይሄዳል። ሽፋን የሚሠራ ሰው ረቂቁን ማንበብ አለበት። ገጸ ባሕርይዋ በመጨረሻው ምዕራፍ ምን እንደምትሆን ሳያውቅ ፊቷን በሽፋኑ ላይ የሚሥል ባለሙያ ደራሲውን ይበድላል፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ረጅም ረቂቅ ደግሞ በየመሀሉ ስልክ እየተነሣ አይነበብም። ለተቀጣሪ ሠራተኛ ወሩ ሲያልቅ ደመወዙ ይመጣለታል፤ እኛ ግን ላላስረከብነው ሥራ የሚከፍለን የለም።

ከስልኩ አለመላቀቅ የወጣቶቹ ስንፍና ነው ለሚሉም መልስ አለኝ። ገጹ ማለቂያ ሳይኖረው ወደ ታች እንዲንሸራተት የሚያደርገውን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2006 የፈጠረው አዛ ራስኪን፣ በፈጠራው ምክንያት የጥፋተኝነት ስሜት እንደሚሰማው ራሱ በአደባባይ ተናግሯል።

ለመሆኑ ያ ሁሉ ልፋት የሚከማቸው በማን ቤት ነው? ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2016 ልጥፎች በጊዜ ቅደም ተከተላቸው መታየታቸውን አስቀርቶ በአልጎሪዝም፣ ማለትም ተመልካቹን ይስበዋል ብሎ ኮምፒዩተሩ በሚመርጠው ቅደም ተከተል፣ መደርደር ጀመረ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ከድርጅቶች ገጾች ይልቅ የወዳጅና የቤተሰብ ልጥፎችን እንደሚያስቀድም አስታወቀ። የአጭር ቪዲዮ መድረኩ ቫይን እ.ኤ.አ. በ2017፣ የጎግል ማኅበራዊ ሚዲያ የነበረው ጎግል ፕላስ በ2019 ተዘጉ፤ እዚያ ተከታይ ያፈራ ሰው ተከታዮቹን ይዞ መውጣት አልቻለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ባንድነት ሲቋረጡ፣ የደንበኞቻቸውን አድራሻ በሙሉ እዚያው ያስቀመጡ ባልደረቦቼ የመጨረሻ እርማት የሚልኩበት መንገድ አጥተው ዋሉ።

እኔ አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ማን እንደላከው እጠይቃለሁ፤ መልሱን ከቀብዱ ጎን በደብተሬ እጽፈዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የላከው ለአንድ መጽሐፍ አብሮኝ የሠራ አራሚ፣ ወይም የማተሚያ ቤት ሠራተኛ፣ ወይም ከዓመታት በፊት የተዋወቅሁት ደራሲ ነው። የቅርብ ወዳጆቼ የሚያውቁትን ሰው እኔም አውቀዋለሁ፤ አዲሱ ሥራ የሚመጣው ከሩቅ ትውውቅ ነው። የኅብረተሰብ ተመራማሪው ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው ጥናት የሚለው ይህንኑ ነው፤ በሰው አማካይነት ሥራ ካገኙት መካከል አብዛኞቹ የጠቆማቸውን ሰው አዘውትረው የሚያገኙት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2022 ሊንክድኢን የተባለውን የሥራ ትውውቅ መድረክ የሚጠቀሙ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መረጃ መርምሮ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናትም መጠነኛ ትውውቅ ከቅርብ ወዳጅነት ይልቅ ሥራ ለማግኘት እንደሚረዳ አሳይቷል። ሁለቱም ስለ ቅጥር ሥራ ናቸው፤ የእኔም ደብተር የሚናገረው ግን ከዚህ አይለይም።

እንግዲህ ማኅበራዊ ሚዲያ ዋጋ ካለው ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ የተዋወቁትን ሰው ላለማጣት። ሥራዎቼ የሚታዩበትና አድራሻዬ ያለበት አንድ ገጽ አለኝ። መጽሐፍ ሲወጣ አብረውኝ ለሠሩት ሁሉ በየስማቸው መልእክት እልካለሁ፤ ከዚያ ስልኩን ዘግቼ ወደ ረቂቄ እመለሳለሁ።

ሁሉም ሰው እንደ እኔ ያድርግ አልልም። ማንንም የማያውቅ ጀማሪ ሠዓሊ ወይም ፎቶግራፍ አንሺ ሥራው በዓይን የሚታይ ስለሆነ ቢለጥፍ ይጠቀማል፤ ከቤት መውጣት ለማይችል ባለሙያም ይህ መንገድ ትልቅ በር ነው። የውል ሰነድ የሚተረጉም ሰው ግን ምን ይለጥፋል? ሥራው ምስጢር ነው። የሒሳብ ባለሙያውስ?

ስለዚህ ዓምደኛው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ሙያን ከሙያ ለይተው እንዲመክሩን እጠይቃለሁ። ደግሞም ለጀማሪዎች ስለ ውል አጻጻፍ፣ ስለ ቀብድ መጠንና ክፍያ ስለሚያዘገይ ደንበኛ ቢጽፉላቸው እወዳለሁ፤ ወደ እኔ የሚመጡ ወጣቶች አጥብቀው የሚጠይቁኝ ይህንን ነውና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የመጻሕፍት ገጽ አዘጋጅ