ነፍሳት የሚሰሙት በእግራቸው ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ ነፍሳት እንዴት እንደሚግባቡ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ ጉንዳን የሽታ መንገድ የተጻፈው ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ መስመር ሳተ። ነፍሳት የሰው ጆሮ በማይደርስበት ቀጭን ድምፅ ያወራሉ አለና፣ ከዚያው አያይዞ ይህን ንግግር ያውካሉ ብሎ ሶኬት ላይ የሚሰኩትን የአልትራሳውንድ የተባይ ማባረሪያዎች አወደሰ። እኔ ንብ አርቢ ነኝ። ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

በድምፅና በንዝረት ከሚነጋገሩት ነፍሳት አብዛኞቹ ከአየሩ ጋር ጉዳይ የላቸውም። የቆሙበትን ነገር ነው የሚያንቀጠቅጡት፤ ቅጠሉን፣ ግንዱን፣ ንብ በሰም የሠራችውን ሰፈፍ፣ አፈሩን። ሬክስ ኮክሮፍትና ራፋኤል ሮድሪጌስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በዚህ መንገድ የሚግባቡትን ዝርያዎች ወደ 195,000 ገምተዋቸዋል። ፌንጣ በአየር ላይ ስለሚጮህ ስሙ ገነነ እንጂ ከብዛት አንፃር አናሳው እሱ ነው።

ንዝረቱ ደግሞ ቀጭን አይደለም። ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ከመቶ እስከ ሁለት ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ነው። ይህ ጆሯችን በደንብ የሚሰማው ክልል ነው! የማንሰማው ከቅጠሉ ወጥቶ አየር ላይ የሚደርሰው ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ ነው። ምክንያቱ የሰውነታቸው ማነስ ነው። በሰከንድ 200 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ፣ በአየር ውስጥ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 1.7 ሜትር ገደማ ይሆናል። አምስት ሚሊሜትር የማትሞላ ፍጥረት ያን ያህል አየር ልግፋ ብትል ትርፏ ድካም ነው። የቆመችበትን ለጋ ቅርንጫፍ ማወዛወዝ ግን አያቅታትም። ሰሚዋም ብትሆን ጆሮ አያስፈልጋትም። እግሯ ውስጥ፣ ከጉልበቷ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ንዝረት የሚለይ አካል አላት። የበረሮው ከአንድ ናኖሜትር (ከሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ያነሰ እንቅስቃሴ እንኳ አያመልጠውም።

በጆሮዬ የሰማሁትን ላጫውታችሁ። አንድ ቀፎ መንጋ ከወጣለት፣ ማለትም አሮጊቷ ንግሥት ከፊሉን ንብ ይዛ ከሄደች፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ አመሻሽ ላይ፣ ጆሮ ግድግዳው ላይ ለጠፍ አድርጎ ማዳመጥ ነው። መጀመሪያ የተለመደው ጉምጉምታ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ መሀሉን ሰንጥቆ ረዘም ያለ «ቱ...ት» ይመጣል። አጫጭር «ቱት ቱት ቱት» ይከተለዋል። ይህች ቀድማ የወጣችው ወጣት ንግሥት ናት። ደረቷን ሰፈፉ ላይ ትጫንና ክንፏን ሳትዘረጋ የበረራ ጡንቻዋን ታንቀጠቅጣለች። ዙሪያዋን ያሉት ሠራተኞች ባሉበት ቀጥ ይላሉ። ትንሽ ቆይቶ ከወዲያ በኩል ጎርነን ያለ «ኳ ኳ ኳ» መልስ ይሰማል። ገና ከሰም ቤታቸው ያልወጡት ንግሥት እኅቶቿ ናቸው።

ይህን ለረጅም ጊዜ የባላንጣዎች ፉከራ ነው እያልን ነው ያደግነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኖቲንግሃም ትሬንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰፈፍ ውስጥ የንዝረት መለኪያ ቀብረው ያወጡት ውጤት ግን ሌላ ታሪክ ይነግረናል። ሠራተኞቹ «ቱት» የምትል ንግሥት እስካለች ድረስ «ኳ» የሚሉትን ዘግተው ያቆያሉ። እሷ መንጋ ይዛ ስትሄድ ቱቱ ይቆማል። ያኔ አንዷ ትለቀቅና ቱት ማለት ትጀምራለች። የተቀሩት አሁንም «ኳ»። እኔ ይሄኛው ማብራሪያ ይበልጥ ያሳምነኛል።

ምግብ ያገኘች ንብ ቦታውን ለሌሎቹ የምትጠቁምበት ጭፈራም ቢሆን ያው ነው። ተመራማሪው ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት የተካፈለበት ሥራ ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ቀፎ ውስጥ ድቅድቅ ጨለማ መሆኑን ነው። ጭፈራውን ማን ያየዋል? ጀርመናዊው ተመራማሪ ዩርገን ታውትስ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳየው፣ ጨፋሪዋ ባዶና ክፍት በሆኑ የሰፈፍ ቤቶች ላይ ስትጨፍር፣ በታሸጉት ላይ ከምትጨፍረው ይልቅ ብዙ ንቦችን ታስነሣለች። ክፍቱ ሰፈፍ ይነዝራላ።

ምስጦችም አሉ። አንዳንድ የአፍሪካ ምስጥ ወታደሮች ኩይሳው ሲነካ ጭንቅላታቸውን በሰከንድ 11 ጊዜ ያህል መሬት ላይ ይቀጠቅጣሉ። የሰማው ወታደር ራሱም መቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ማስጠንቀቂያው እንዲህ እየተቀባበሉት በሰከንድ ከአንድ ሜትር በላይ ይጓዛል። ኡምቦኒያ የምትባል እሾህ መሳይ ነፍሳት ደግሞ ልጆቿን ቅርንጫፍ ላይ ደርድራ ትጠብቃለች። ተርብ ሲመጣ ልጆቹ ተከታትለው ግንዱን ያንቀጠቅጡታል። እናት ከተፍ ትላለች፤ በክንፏ እያራገበች፣ በእግሯ እየረገጠች ታባርራለች።

እንግዲህ ወደ ማባረሪያው። ጆሯችን የማይሰማውን ድምፅ ክፍሉ ውስጥ የሚለቅ ዕቃ፣ በዝቅተኛ ንዝረት ወለሉን በእግሩ የሚያዳምጥን በረሮ ንግግር ያውካል ማለት ከየት የመጣ ነው? የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2001 ከ60 በላይ ለሚሆኑ የእነዚህ ዕቃዎች አምራቾችና ሻጮች፣ የምትሉት ነገር በሳይንስ ማስረጃ የተደገፈ ይሁን ብሎ ማስጠንቀቂያ ልኳል። ይህን እርማት አድርጋችሁ ብታወጡት ደስ ይለኛል። ሰው ገንዘቡን ያወጣበታልና።

ስለ ንዝረትና ተባይ መጻፍ ከፈለጋችሁማ ርዕሱ አለ። ጣሊያን ውስጥ የወይን በሽታ የምታዛምት ትንሽ ዘላይ ነፍሳት አለች። ወንዱ ቅጠሉን እያንቀጠቀጠ ይጣራል፤ ሴቷ ትመልሳለች። ሌላ ወንድ ከመጣ ግን የራሱን ረባሽ ንዝረት ለቆ ጭውውታቸውን ይበጠብጠዋል። ተመራማሪዎች ይህንኑ ረብሻ ቀድተው፣ ወይኑ የተዘረጋበትን ሽቦ ያንቀጠቅጡበት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ውጤት መሠረት የወንዱና የሴቷ መገናኘት በእጅጉ ቀንሷል። መርዝ የለም፣ የሚሞት የለም። ጉድለትም አለው። ሽቦው እስከነዘረ ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው። ለአንዷ የተቀዳው ረብሻም ሌላውን ዝርያ ላይነካው ይችላል። ሽቦ ላይ ያልተዘረጋ ሰብል ያለው ገበሬ ደግሞ ሌላ መላ መፈለግ አለበት።

ከአክብሮት ጋር፣
ንብ አርቢ አንባቢያችሁ