የቅዳሜው የዲጂታል ሥዕል ልምምድ

ሰላም ቤተሰብ፣

የፊታችን ቅዳሜ ራሳችን ካነሳነው ፎቶ ቀለል ያለ ፖስተር እንሠራለን። ከቀኑ 8 ሰዓት አራት ኪሎ፣ የድል ሐውልቱ ጋ እንገናኝ። ግማሽ ሰዓት ፎቶ፤ ከዚያ ባለፈው ወደተቀመጥንበት ካፌ።

ላፕቶፕ ያላችሁ ጊምፕን (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው) ቤት ሆናችሁ ጫኑት። በነፃ ነው፤ የካፌውን ዋይፋይ ግን አትመኑት። ቻርጀር አይረሳ። ላፕቶፕ የሌለው ስልኩን ይዞ ይምጣ፣ ጥንድ ጥንድ እንሆናለን።

ሐውልቱን ከኋላው ካለው ምስል ቆርጠን እናወጣለን፣ የቀለሙን ብዛት ፖስተራይዝ በሚባለው የጊምፕ ትእዛዝ እናሳንሳለን፣ ጽሑፉን በራሱ ሌየር (ንብርብር) ላይ እናስቀምጣለን። አደራ፣ ሥራችሁን ሌየሮቹን ለየብቻ በሚያቆየው የጊምፕ ፋይል፣ በኤክስሲኤፍ ሴቭ አድርጉ! እኔ ባለፈው ጄፔግ ብቻ አስቀምጬ ሌየሮቹ አንድ ላይ ተጣበቁብኝ። «ሐውልት»ን በሃሌታው «ሀ» ጽፌው ኖሮ፣ ለአንዲት ፊደል ከዜሮ ጀመርኩ። በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን፤ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል።

የምንወስነው አንድ ነገር አለ፦ በኤ4 እናሳትም ወይስ በፖስትካርድ? እኔ ፖስትካርድ ባይ ነኝ። 10 በ15 ሴንቲሜትር በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 1200 በ1800 ፒክስል ገደማ ነው፤ የስልክ ካሜራ ይበቃዋል።

መምጣታችሁንና ምርጫችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።