ግፊቱ ብቻ ሳይሆን ብሌኑም ይለካ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ አንድ ዓይኑን በግላኮማ፣ ብዙ ጊዜ ከዓይን ውስጥ ግፊት ጋር ተያይዞ የዓይንን ነርቭ በሚጎዳው በሽታ፣ አጥቷል። እኛ ሞራ መስሎን «ሲበስል ይገፈፋል» እያልን ቆየን። ሞራ የጋረደው ብርሃን በቀዶ ሕክምና ይመለሳል። ግላኮማ የወሰደው ግን ወሰደው ነው።

ቅርብ ጊዜ እኔም ከአዘዞ ወጥቼ ተመረመርኩ። የዓይኔ ግፊት ደህና፣ የዓይን ብሌኔ፣ ማለትም ከፊት ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ ግን ስስ ነው ተባልኩ። ደነገጥኩ። የብሌን ወይም የኮርኒያ መሃል ውፍረት በአማካይ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ሲሳሳ መሣሪያው ግፊቱን ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። ደህና የተባለው ቁጥር ያዘናጋል ማለት ነው።

ታዲያ ስስነቱ ራሱ ግላኮማ ያመጣል? የብሌን ውፍረት በአብዛኛው በዘር ይወረሳል። ዘረ መል ደግሞ ስንፀነስ የሚደርሰን ዕጣ ነው፤ ዕድሜም ኑሮም አይለውጠውም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ብሌንን የሚያሳሱ ዘረ መሎች ግላኮማንም ያበዙ እንደሆነ ይፈትሻሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የ44,039 ሰዎች ጥናት፣ ስስነቱ በብዛት ለሚታየው የግላኮማ ዓይነት መንስኤ እንደማይመስል አመልክቷል። ትንሽ ተነፈስኩ።

ግን እንዲህ ባሉ ጥናቶች የአፍሪካውያን ድርሻ አሁንም ትንሽ ነው። ጎንደር ከ1940ዎቹ ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታፈራ የኖረች ከተማ ናት። የእኛም ደም ናሙና ይቆጠር እንጂ! እናንተም እባካችሁ ጻፉ፦ ወላጅ ወይም ወንድም እህት በግላኮማ የተያዘበት ሰው ሳያመው ይመርመር፣ ብሌኑንም ያስለካ።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር