ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሳትቀመጪ ቀብድ እንዳትከፍይ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሰብለ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ቴዎድሮስና ልጆቹ፣ አማትሽ ወይዘሮ አበበችም እንደምን አሉ? እኔ ከብርዱ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ዘንድሮ ውርጩ ቀድሞ ስለገባ ጠዋት ጠዋት የግቢው ሣር ነጭ ሆኖ ያድራል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ወንድምሽ ዮናስ ትናንት ማታ ደውሎ የነገረኝ ነገር እንቅልፍ ስለነሣኝ ነው። በቴሌግራም ፎቶውን ብቻ ላየሽው ባለሰባት ወንበር መኪና ለደላላው ቀብድ ልትከፍይ ቀን ቆርጠሻል አለኝ። ደውዬ ልቆጣሽ አሰብኩና ተውኩት፤ በስልክ ስቆጣ ትስቂያለሽ፣ አንቺ ስትስቂ ደግሞ የምለው ይጠፋኛል። የጎረቤት ልጅ ይህን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ይልክልሻል፤ በጽሑፍ ስናገር ልታቋርጪኝ አትችይም። እንግዲህ ሌላው ሁሉ ቢረሳሽ ይህን አንዱን ያዥልኝ፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ራስሽ ገብተሽ ሳትቀመጪ አንድ ብር እንዳትከፍይ።

ሦስተኛ ልጅ ሲመጣ መኪና መለወጣችሁ አግባብ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ባለፈው ፋሲካ በቪትሷ ስትመጡ ወይዘሮ አበበች በሁለቱ ልጆች መካከል ተጣብቀው ሰንብተው፣ ሲወርዱ ጉልበታቸው አልዘረጋ ብሎ በሩን ይዘው ቆመው እንደነበር ዓይኔ ላይ አለ። እኔን ያስፈራኝ "ሰባት ሰው ይይዛል" የምትለው የደላላው ቃል ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ ጨብጬአለሁ፤ ወንበር መቁጠርና ሰው ማስቀመጥ ለየቅል ናቸው።

ሽማግሌው ገበያውን አያውቅም ብለሽ ደግሞ እንዳትንቂኝ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ አዲስ መኪና ለሚፈልግ ሰው የቀረው ኤሌክትሪክ ነው፤ ቴዎድሮስ የሚመኘው ፕራዶ ከዚያ በፊት የገባና ከእጅ ወደ እጅ የሚገለባበጥ ነው። የፕራዶን ሦስተኛ ረድፍ እኔ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። የድሮው 120 ሞዴል ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ ተጣጥፈው የሚሰቀሉ ወንበሮች ነበሩት፤ በኋላ የመጣው 150 ወንበሮቹን ወለሉ ውስጥ ያጥፋቸዋል። በሁለቱም ላይ አዋቂ ሰው ሲቀመጥ ጉልበቱና አገጩ ይተዋወቃሉ።

አንቺ የመረጥሽው አይዲ ሲክስ የሚባለውን የቮልስዋገን መኪና ነው አሉኝ። ስሙ ስለሚቀራረብ አይዲ ፎርን እንዳይሸጡልሽ፤ እሱ የሚይዘው አምስት ሰው ብቻ ነው፤ የቶዮታው ቢዚ ፎር ኤክስም እንዲሁ። አይዲ ሲክስ ለቻይና ገበያ ተብሎ እዚያው ቻይና የተሠራና በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ ሻንጋይ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየ መኪና ነው። ርዝመቱ ወደ 4.88 ሜትር ነው፤ ሌላው የቻይና መኪና፣ የቢዋይዲ ታንግም በርዝመት እምብዛም አያንሰውም፣ 4.87 ነው። ነገር ግን ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላ ጎማ እምብርት ሲለካ አይዲ ሲክስ 2.965 ሜትር፣ ታንግ ደግሞ 2.82 ሜትር ይመጣሉ። በመካከላቸው ያለችው 14 ሴንቲ ሜትር ተኩል ከኋላ የሚቀመጥ ሰው እግሩን የሚያስገባባት ቦታ ናት። ደላላ የመኪናውን ርዝመት ሲያወራልሽ አንቺ የጎማውን ርቀት ጠይቂው፤ ካላወቀ መኪና ሳይሆን ፎቶ ነው የሚሸጠው።

በመረጥሽው መኪና ላይ እንግዲህ ያን ያህል ጥላቻ የለኝም። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ከቤታችን በላይ ያለው የባንክ ቤት ሠራተኛ ልክ የዚህኑ ዓይነት ሲያጥብ አገኘሁትና እስቲ አንዴ ልቀመጥበት ብዬ ለመንኩት። እየሳቀ የመካከለኛውን ወንበር አጥፎ መንገድ ከፈተልኝ። ጎንበስ ብዬ፣ አንድ እግሬን አስቀድሜ፣ ጣሪያውን በእጄ ተደግፌ ገባሁ፤ መግባቱንስ ገባሁ፣ ለመውጣት ግን የሰው እጅ አስፈለገኝ። ባትሪው ከሥር ስለተነጠፈ ወለሉ ከፍ ያለ ነው፤ ስለዚህ ወንበሩ ዝቅ፣ ጉልበት ከፍ ይልና ጭን ከመቀመጫው ተነሥቶ አየር ላይ ይቀራል። ከጭንቅላቴ ጀርባ እስከ ኋላ መስታወቱ ያለውን በእጄ ብለካው ስንዝር ተኩል አልሞላም። የቀበቶው መቆለፊያ ወንበሩ ውስጥ ሰምጦ በጣቴ ፈልጌ አገኘሁት፤ ልጅሽ ቅዱስ በስምንት ዓመቱ ብቻውን አያገኘውም። ከወንበሩ ጀርባ ለዕቃ የቀረችው ቦታ የሕፃን ጋሪ ታጥፎ ቢገባባት ነው። የ25 ኪሎው ጤፍ የት ይሆናል? ጣሪያ ላይ እንዳትይኝ።

ሆዴ ገፍቷል፣ መግባት አልችልም ትይኝ ይሆናል። ታዲያ አንቺ በሰባት ወርሽ ካልገባሽበት፣ ወይዘሮ አበበች በዚያ ጉልበታቸው እንዴት ሊገቡበት ነው? ቴዎድሮስ እጅሽን ይያዝሽ፣ ቀስ ብለሽ ግቢ፣ አሥር ደቂቃ ተቀመጪ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሳትቀመጪ ግን ስለ ዋጋ እንዳታነሺ።

አሁን ደግሞ ሰዎቻችሁን በየስማቸው እናስቀምጣቸው። አይዲ ሲክስ በሁለት ዓይነት ይገኛል፤ ባለሰባቱ መካከለኛው ረድፍ ላይ ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ አግዳሚ አለው፤ ባለስድስቱ ደግሞ ለየብቻ የቆሙ ሁለት ወንበሮችና በመካከላቸው ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት አለው። ቴዎድሮስ መስክ በወጣ ቁጥር ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታደርሺው አንቺ ነሽ። ሕፃኑ በሕፃን ወንበሩ፣ ማርታም በራሷ ወንበር መካከለኛው ረድፍ ላይ ይታሰራሉ፤ አይሶፊክስ የሚሉት የማሰሪያ ብረት እዚያ መኖሩን በእጅሽ ዳሰሽ አረጋግጪ። በባለሰባቱ ከሆነ፣ ቅዱስ ወደ ኋላ ለማለፍ የግድ የአንዱ ልጅ ወንበር ተፈትቶ መታጠፍ አለበት፤ ይህንን በየማለዳው፣ በየዝናቡ፣ አራስ ይዘሽ ልትሠሪ ነው? በባለስድስቱ ግን ቅዱስ በመካከል ሹልክ ብሎ ይገባል፣ ወይዘሮ አበበችም ከፊት ይቀመጣሉ። ሕፃኑን ታቅፈሽ ከፊት መቀመጥን ደግሞ ጨርሶ እንዳታስቢው፤ መኪና ሲጋጭ ልጅን ይዞ የሚያስቀር የእናት ክንድ የለም።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ የምታውቂው ግን ግማሹን ነው።

የ1989 ዓ.ም. ገና፣ አንቺ ስድስት ዓመትሽ ነበር። የአክስትሽን ልጆች ጨምረን ከኮምቦልቻ ወደዚህ ስንመጣ መኪናው የመሥሪያ ቤቱ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ነበር። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከጎኔ ተቀምጣለች፤ እናንተ ስድስታችሁ ከኋላ፣ ፊት ለፊት በተገጠሙት ሁለት አግዳሚዎች ላይ ናችሁ። ቀበቶ የሚባል ነገር አልነበረም። ከሸዋ ሮቢት ጀምሮ "አባባ፣ አቅለሸለሸኝ" ስትይ ሰምቼሻለሁ። እናትሽም "ኧረ ቁም" ብላኛለች። እኔ ግን ሳይመሽ ጣርማ በርን ለማለፍ ቸኩዬ ነበርና "ዝም በይ በሏት" አልኩ። አርማንያን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር አስመለሰሽ፣ ልጆቹ ተንጫጩ፣ ወዲያው ፍሬን ያዝኩና ዮናስ ከአግዳሚው ተወርውሮ ግንባሩን ብረቱ ተረተረው። እናትሽ በነጠላዋ አሰረችው፤ ደብረ ሲና ላይ አምስት ቦታ ተሰፋ።

በቤታችን ይህ "የአህያዋ ነገር" ይባላል። አህያዋ ድንገት ዘላ መንገድ ገባች፣ አባባም በብልሃት አዳነን እየተባለ ስንት የበዓል ቡና ተጠጥቶበታል። ልጄ፣ አህያዋ አልዘለለችም። እንጨቷን ተጭና መንገዱ መካከል ቆማ ነበር፤ ከመቶ ሜትር ትታያለች። ያላየኋት አንገቴን ወደ ኋላ አዙሬ በእናንተ ላይ ስለምጮህ ነበር። እናትሽ ከጎኔ ሆና ሁሉንም አይታለች፤ ለማንም ሳትተነፍስ ይዛው ሄደች። ዮናስ ዛሬም ግንባሩን በመስታወት ሲያይ አህያ እንጂ አባቱ ትዝ አይለውም። ለዘንድሮ የገና በዓል 29 ዓመት ይሆነዋል። ለዮናስ እንዳትነግሪው፤ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።

ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ ማለት እንዲህ ነው። አንቺም መሪ ይዘሽ ማርታ ከኋላ ብታለቅስ አንገትሽ ይዞራል፣ አለመዞር አትችይም። ለዚህ ነው ታናናሾቹ እጅሽ በሚደርስበት፣ በመካከለኛው ረድፍ ይሁኑ፣ ከኋላ የሚቀመጠው ቀበቶውን ራሱ የሚያስርና "አመመኝ" ብሎ መናገር የሚችለው ይሁን የምልሽ። ለዚያም ቢሆን የራስ መደገፊያው ለቅዱስ ቁመት መድረሱን፣ የጎን ኤርባጉ እስከ ሦስተኛው ረድፍ መዝለቁን፣ አየር የሚሰጥ ቀዳዳ ከኋላ መኖሩን እይ። ይህ ሁሉ በፎቶ አይታይም።

የኃይሉን ነገር ዮናስ ምንም አልነገረኝም፤ እንዳላሰባችሁበት ገባኝ። የምትኖሪው ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከሰገነት ገመድ ልትጥይ ነው? ትልቁ የአይዲ ሲክስ ባትሪ 77 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። በተራ የቤት ሶኬት፣ በ10 አምፔር፣ የምታገኚው 2.2 ኪሎ ዋት ስለሆነ ባዶውን ለመሙላት 35 ሰዓት ይፈጃል፤ 7 ኪሎ ዋት በሚሰጥ የግድግዳ ቻርጀር ግን አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ስለዚህ ከመኪናው በፊት የኮንዶሚኒየሙን ኮሚቴ በጽሑፍ ጠይቂና ለመቆሚያሽ የራሱ ቆጣሪ ይፈቀድልሽ እንደሆነ እወቂ። የቻይና መኪና የቻርጀር አፍ ከአውሮፓው ይለያል፤ ቻርጀር ስትገዢ ጂቢቲ የሚባለው መሆኑን አትርሺ። ተጨማሪ ጎማ የሌላቸው ብዙ ናቸውና ከፍተሽ እይ። ሰውና ዕቃ ሲጫን መኪናው ዝቅ ይላል፤ ባትሪው ደግሞ ሆዱ ላይ ነው፤ ሰፈራችሁ ኮብልስቶንና ጉብታ ስለሆነ ከሥር ተጭሮ እንዳልሆነ ቴዎድሮስ ተኝቶ ይመልከት። ልብሱ ይቆሽሽ፣ ይታጠባል።

ፋብሪካው 588 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ቢልም፣ ያ መለኪያ ስድስት ሰው ጭኖ፣ ማሞቂያ ከፍቶ ደብረ ብርሃንን የሚወጣን መኪና አያውቅም። ደርሶ መልሱ 260 ስለሆነ አያሳጣችሁም፤ ቢሆንም የገና በዓል ሳይደርስ ግቢዬ ውስጥ ወፍራም ሽቦና የራሱ ማቋረጫ ያለው ሶኬት አስገጥማለሁ። ሠራተኛውን ዛሬውኑ አነጋግሬዋለሁ።

ዮናስ ስልኩን ሊዘጋ ሲል "ባለሰባቱን የፈለገችው ሰባተኛውን ወንበር ለአንተ ብላ ነው" አለኝ። ደጋግሜ አሰብኩት፤ እግዚአብሔር ይባርክሽ። ነገር ግን እኔ በዓመት ሦስት ጊዜ ብቀመጥበት ነው፤ ለሦስት ቀን ብለሽ ሦስት መቶ ስልሳ ቀን ልጆችሽ የሚተላለፉበትን ክፍተት እንዳትዘጊ። እኔ አውቶቡስ እወዳለሁ፤ በመስኮቱ በኩል ከተቀመጥኩ የሸኖን ሜዳ እያየሁ እመጣለሁ። ባለስድስቱን ፈልጊ።

ከላይ "ግቢና ተቀመጪ" ያልኩትን መልሼ ሳነበው ደግሞ ደነገጥኩ። የሰባት ወር እርጉዝ በዚያች ቀዳዳ መሹለክ የለባትም፤ የሽማግሌ ችኮላ ነው፣ ይቅር በይኝ። አንቺ አትግቢ። ቅዳሜ፣ በጽዮን ዋዜማ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ሜትር ይዣለሁ። የማርታን ወንበርና የሕፃኑን ጋሪ አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ፤ ሁለቱን መካከል አስረን፣ ጋሪውን ከኋላ ጭነን፣ እኔና ቅዱስ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እንቀመጥና ቴዎድሮስ ከሰሚት እስከ አያት በኮብልስቶኑ በኩል ይንዳን። ደላላው ሰዓት የለኝም ካለሽ ሌላ ደላላ ፈልጊ። እስከዚያ ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሰው ሳይቀመጥ ቀብድ የለም።

ቪትሷን አትሽጫት፤ ዋጋዋን ቅዳሜ እንነጋገራለን። ለወይዘሮ አበበች ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ማር ይዤላቸው እመጣለሁ።

አባትሽ