አሲዱን ለምን እንደተውነው፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፉት ሁለት ወራት ብዙዎቻችሁ እንደተቀየማችሁን አውቃለሁ። በስልክ የተነገረኝም፣ በሰው በኩል የደረሰኝም አለ። «አቦ፣ ድሮ በአንድ ሰዓት የምታነጡልንን ሲንክ አሁን ሁለት ቀን ትመላለሱበታላችሁ፤ ዋጋውንም ጨመራችሁ!» አስቀድመን ሳንነግራችሁ አሠራራችንን መለወጣችን ጥፋታችን ነው። ይቅርታ። ውሳኔውን ግን አልጸጸትበትም።

ያቆምነው አሲዱን ነው። ያ በጀሪካን የሚሸጠውን፣ ሲፈስ የሚጨሰውን። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛበታል፤ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ከውስጥ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። አሲዱ ያንን ነጭ ግግር በደቂቃዎች ያሟሟዋል። እናንተ ደስ ይላችኋል፣ እኛም ሒሳባችንን ተቀብለን እንወጣለን። ነገር ግን የቧንቧውን ክሮም ይበላል፤ በሴራሚኮቹ መሃል ያለውን ሲሚንቶም ይቦረቡራል። የድሮዎቹን ባለ ኢናሜል የብረት ገንዳዎችማ ወዛቸውን ይገፈዋል። ወዙ አንዴ ከሄደ ገንዳው ቆሻሻ ቶሎ ይይዛል። ያኔ እኛን መልሳችሁ ትጠሩናላችሁ። ይህን እያወቅኩ ገንዘብ መቀበል ከበደኝ።

የባሰው ግን ሌላ ነው። አንዱ ልጃችን በረኪና የተደፋበት መጸዳጃ ላይ አሲድ ጨመረበት። ሁለቱ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ክፍሉ መስኮት አልነበረውም። ልጁ ሦስት ቀን ሲያስል ከረመ። እናቱ ፊት ቆሜ የምለው ጠፋኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጀሪካን አሲድ አልገዛሁም፤ አልገዛምም።

አንዳንዶቻችሁ «ሙያው ጠፍቶባቸው ነው» ብላችኋል። ይሄ አሳዝኖኛል። ይህን ሥራ የጀመርነው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ የጀመርነውም ያለ አሲድ ነበር። ባለቤቴ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ከዚራ በሚባለው ሰፈር አንድ ቤት ቧንቧ ሲቀይር መፍቻው አዲሱ ሲንክ ላይ ጥቁር መስመር ጥሎ ቀረ። የቤቱ ባለቤት «ሲንኬን ጫርክብኝ፣ ክፈል» አሉት። የሲንኩ ዋጋ የወር ገቢያችን ነበር። በማግስቱ አብሬው ሄድኩ። መስመሩ ላይ ጥፍሬን ሳስኬደው አልያዘኝም። ተረከዜን የምፈገፍግበትን ቀላል ድንጋይ በደንብ አርሼ፣ ሲንኩንም አርሼ፣ ቀስ ብዬ አሸሁት። ለቀቀ! ሴትየዋ በዚያው ጎረቤታቸውን ጠሩልኝ።

ያን ቀን የገባኝን ዛሬም ለሠራተኞቼ አስተምራለሁ። የሴራሚክ ሲንክ ላይኛው ሽፋን ከአብዛኛው ብረት ይጠነክራል። ስለዚህ ድስት ወይም ባልዲ ሲፈገፍገው የሚላጠው ብረቱ ነው፤ እርሳስ ወረቀት ላይ እንደሚጽፈው መሆኑ ነው። አሉሚኒየም ደግሞ ለስላሳ ስለሆነ ይብሳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ባልዲው ከሲንክ አይጠፋም፤ ግራጫው መስመር የሚበዛብንም ለዚህ ነው። ጥፍር ካልያዘው ይለቃል። ጥፍር ከያዘው ግን ሽፋኑ ራሱ ተጭሯል ማለት ነው፤ የትኛውም ዱቄት አይመልሰውም። ይህን በግልጽ ተናግረን ሳንሠራ የተመለስንባቸው ቤቶች አሉ። ቅር ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። የማይለቀውን ይለቃል ብዬ ብራችሁን ብወስድ ይሻል ነበር?

አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። ለብረት ምልክት ኦክዛሊክ አሲድ ያለበት ማሻ ዱቄት በእርጥብ ጨርቅ እንጠቀማለን፤ ጓንት አድርገን፣ ቶሎ አጥበን። ስሙ አሲድ ቢሆንም የሚጨስ አይደለም፤ እብነ በረድ ላይ ግን አናስነካውም። ለኖራው ሎሚ ውስጥ ያለውን ሲትሪክ አሲድ በጨርቅ ነክረን እንለጥፍበታለን። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ሁለት ቀን የሚያመላልሰን እሱ ነው። ፕላስቲክ ገንዳ ላይ ዱቄትም ድንጋይም አናሳርፍም። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦንም ትተናል፤ እናንተም ክሮሙን በሽቦ አትሹብን።

ዋጋው ለአንድ መታጠቢያ ክፍል ከ900 ወደ 1,400 ብር ወጥቷል። ዱቄቱ ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 የምንዛሬው አሠራር ሲለወጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ጭማሪውን የቻልኩትን ያህል ከትርፌ ሸፍኜ ቆየሁ። የአራት ሠራተኞች ደሞዝ ግን ከዚያ በላይ አልፈቀደልኝም።

ከመጀመሪያው ጀምሮ ያልተለያችሁን አላችሁ። በኮሮና ጊዜ ሥራ ሳይኖር የቅድሚያ ክፍያ የላካችሁልኝንም አልረሳም። እናንተን ማጣት ያመኛል። በእነዚህ ሁለት ወራት አሠርታችሁ ያልረካችሁ ካላችሁ ደውሉልን፤ ተመልሰን በነፃ እናየዋለን። ለማጠቢያ ብዙ ውሃ ስለምንፈልግ፣ ስትደውሉ የሰፈራችሁ ውሃ የሚመጣበትን ቀን ብቻ ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር
የድርጅቱ ባለቤት
ድሬዳዋ