የ«ሉዊ ሉዊ» ሦስተኛው ኮርድ ማይነር ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ የመዝናኛ ገጽ ላይ ሪቻርድ ቤሪ ስለጻፈውና ኪንግስሜን የተባለው ባንድ ዝነኛ ስላደረገው የአሜሪካ ዘፈን፣ ስለ «ሉዊ ሉዊ»፣ ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር፤ ይዘቱን ሁሉ አልደግምም። ከጽሑፉ ግርጌ፣ «በሦስት ኮርድ ዛሬውኑ ይጫወቱት» በሚለው ሣጥን ውስጥ ባለው የጊታር ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ሥዕል ላይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ሦስተኛውን ኮርድ ኢ ሜጀር ብላችሁታል። ኢ ማይነር ነው።

«ይቺም ስህተት ሆና ደብዳቤ ተጻፈባት?» የሚል አይጠፋም። ጊታር ያለው ሰው አንስቶ ይሞክረው። ኢ ማይነር በሁለት ጣት የሚያዝ ኮርድ ነው፤ አምስተኛውና አራተኛው ክር ሁለተኛው ፍሬት (የጊታሩን አንገት የሚከፍለው ዘንግ) ላይ ይያዛሉ፣ የቀሩት አራቱ ክፍት ናቸው። እናንተ ሦስተኛው ክር የመጀመሪያው ፍሬት ላይ አንዲት ነጥብ ጨምራችኋል። ጠቋሚ ጣት እዚያ ሲያርፍ ጂ የነበረው ድምፅ ጂ ሻርፕ ይሆናል። በኪቦርድ ቢሆን ነጩን ቁልፍ ትቶ ጥቁሩን እንደ መጫን ነው። ኤ፣ ዲ፣ ኢ ሜጀር፣ ዲ እያለ የሚዞር ዘፈን በእርግጥ አለ፤ «ዋይልድ ቲንግ» ይባላል፣ ትሮግስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1966 ዝነኛ ያደረገው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። አንባቢዎቻችሁ አንዱን ዘፈን ሊማሩ ተቀምጠው ሌላውን ተምረው ተነሥተዋል ማለት ነው። ምርቃት ከሆነ እናመሰግናለን።

ከስህተቱ ይልቅ ያበሳጨኝ ማመካኛው ነው። የኪንግስሜን ቅጂ ራሱ በስህተት የተሞላ ስለሆነ «ትክክለኛ አጨዋወት የሚባል ነገር የለም» ተብሎ ተጽፏል። የዚያ ቅጂ ስህተቶች እኮ አንድ በአንድ የታወቁ ናቸው። ፖርትላንድ ውስጥ፣ ሚያዝያ መጀመሪያ 1963፣ ሃምሳ ዶላር ገደማ በሚከፈልበት ስቱዲዮ የተቀዳ ነው። ማይኩ ከላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር ዘፋኙ ጃክ ኢሊ በእግሩ ጣት ቆሞ፣ አንገቱን አቅንቶ ወደ ጣሪያው ነበር የሚጮኸው፤ ጥርሱም ላይ ማቃኛ ሽቦ ነበረበት። ቃላቱ የማይሰሙት በዚህ ነው። ከማይክ ሚቸል የጊታር ሶሎ በኋላ ደግሞ ኢሊ ሰዓቱ ሳይደርስ ገባ፤ ሁለት ሦስት ቃል እንዳወጣ መሳቱ ገባውና አፉን ዘጋ፤ ድራመሩ ሊን ኢስተን ክፍተቱን በከበሮ ደፈነለት። ዛሬ ዘፈኑን ከዚህ ቅጂ የሚያጠኑ ባንዶች ይህችን ስህተት ሳይቀር አጥንተው ይጫወቷታል። ኮርዱ ግን ከመጀመሪያዋ ሰከንድ፣ ከዶን ጋሉቺ ኪቦርድ ጀምሮ፣ ንጹሕ ነው። ዘፋኙ ስቷል፣ ቀረጻው ድፍን ነው፤ ሦስተኛውን ኮርድ ያበላሸ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ይሄኛው የእናንተ የራሳችሁ ነው።

አሁን ወደ ባሰው ልምጣ። ይህ ጋዜጣ የሚታተመው ለእኛ፣ ለሲያትልና ለአካባቢው ሐበሻ ነው። ጽሑፋችሁ ከሎስ አንጀለስ 1957 ተነሥቶ በአንድ ዝላይ ፖርትላንድ 1963 ላይ አረፈ። መሐል ላይ ታኮማ የሚባል ከተማ አለ፤ ከቢሯችሁ በአይ-5 መንገድ ወደ ደቡብ ትንሽ ብትነዱ ታገኙታላችሁ፣ ከእኛም ብዙዎቻችን የምንኖረው እዚያው ነው። የታኮማው ባንድ ዌይለርስ በ1961 ከዘፋኙ ሮኪን ሮቢን ሮበርትስ ጋር «ሉዊ ሉዊ»ን ኤቲኬት በተባለው የራሳቸው አሳታሚ አወጡት። (የቦብ ማርሊዎቹ አይደሉም፤ በሚቀጥለው እትም ጃማይካ እንዳትወስዷቸው ብዬ ነው።) ከሶሎው በፊት የሚሰማውን ያንን «ሌትስ ጊቭ ኢት ቱ ኤም፣ ራይት ናው!» የሚለውን ጩኸት የጨመረው ሮበርትስ ነው። ኢሊ ዘፈኑን ያጠናው ከእነዚህ ሰዎች ሸክላ ነው፤ ሳንቲም እየተጨመረበት በሚዘፍነው የመጠጥ ቤት ማጫወቻ ላይ ሰምቶ።

ታኮማን መዝለል ለከተማው ክብር ብቻ ብዬ ያነሣሁት አይደለም። እሷ ከሌለች ምቱን ማስረዳት አይቻልም። ኢሊ ራሱ እንደተናገረው ዌይለርስ አንድ-ሁለት-ሦስት-አራት፣ አንድ-ሁለት እያሉ የሚጫወቱትን ለጓደኞቹ ሲያስተምር አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት አደረገው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። የሚገርመው፣ እንዲህ በማድረጉ ወደ ምንጩ ተመለሰ። ሪቻርድ ቤሪ ዘፈኑን የጻፈው ኩባዊው ረኔ ቱዜ የሚጫወተውን «ኤል ሎኮ ቻ ቻ» አናሃይም አዳራሽ ውስጥ የሪሌራ ወንድማማቾች ባንድ ሲጫወተው ሰምቶ ነው፤ የቱዜም መግቢያ አሥር ምት ነው፤ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት። እናንተ «የነጭ ጎረምሶች ጋራዥ ሙዚቃ» ያላችሁት ነገር አጥንቱ የኩባ የዳንስ ሙዚቃ፣ ቻ ቻ ነው።

ቤሪማ አንድ መስመር ደረሰው። በ1957 ሲያወጣው የሸክላው ጀርባ ላይ ነበር፤ የጃማይካ መርከበኛ መጠጥ ቤት ተቀምጦ፣ ሉዊ ለተባለው አሳላፊ ስለ ናፈቃት ልጅ ሲያወራ የሚያሳይ ዘፈን ነው። ኋላ ለሠርጉ ገንዘብ ቢያስፈልገው መብቱን በ750 ዶላር ሸጠ፤ ዘፈኑ በዓለም ሁሉ ሲጮህ እሱ ለዓመታት ፍርፋሪ አላገኘም፤ ተገቢው ድርሻ የተመለሰለት በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ቃላቱ ብልግና አለባቸው ተብሎ ዘፈኑን ለመረመረው ለኤፍቢአይ ግን ግማሽ ገጽ ሰጥታችሁታል፤ «ታገደ» ብላችሁም ጽፋችኋል። አላገደም። እንዳይሰማ የጠየቀው የኢንዲያና አገረ ገዢ ነው፤ ኤፍቢአይማ ሸክላውን በተለያየ ፍጥነት እያዞረ ሰምቶ ምንም አይሰማም ብሎ መዝገቡን ዘጋ።

የተጫዋች የማሊያ ቁጥር ስታሳስቱ በማግስቱ ይቅርታ ትጠይቃላችሁ። ስለ ሙዚቃ የምንጽፍላችሁ ደብዳቤ ግን መልስ አግኝቶ አያውቅም። በአማርኛ የኮርድ ሥዕል የሚያትም ብዙ የለም፤ ልጆቻችን ከመሣሪያው ጋር ይዘውት የሚቀመጡት የእናንተን ገጽ ነው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንዲሉ፣ አንዴ የለመደን ጣት ማስተው አበሳ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ሣጥኑ የዘለለውን ላሟላ። አሥሩ ምት በሁለት ባር (ባለ አራት ቆጠራ ክፍል) ውስጥ ነው፤ ኤ ሦስት፣ ዲ ሁለት፣ ኢ ማይነር ሦስት፣ ዲ ሁለት። በየምድቡ መሐል ዝምታ አለ፤ ጀማሪ የሚያበላሸው እሱን ነው፣ እጁ አላርፍ ብሎ ይሞላዋል። በክፍት ኮርድ ከተጫወታችሁ ኢ ማይነር ላይ አራቱ ክፍት ክሮች ማስተጋባታቸውን አያቆሙም፤ ስለዚህ በመቺው እጅ መዳፍ ጠርዝ ማፈን ያስፈልጋል። የሚቀለው ባሬ፣ ማለትም ጠቋሚ ጣትን ክሮቹ ላይ አጋድሞ መያዝ ነው፤ ኤና ዲ ሁለቱም አምስተኛው ፍሬት ላይ፣ ኢ ማይነር ሰባተኛው ላይ፣ በኤ ማይነር ቅርጽ። ግራ እጃችሁን ሳታነሡ ብቻ ላላ ስታደርጉት ድምፁ ይቆረጣል። በሁለት ድምፅ ብቻ፣ በፓወር ኮርድ የሚጫወቱም አሉ፤ እሱ ሜጀርም ማይነርም ስላልሆነ ቢያንስ አይዋሽም። ኪቦርድ የሚጫወተው ጓደኛችሁ ግን የእናንተን ሣጥን አይቶ ከሆነ እሱንም ያፈርስባችኋል።

እርማቱ እዚያው ገጽ ላይ፣ በዚያው መጠን ይውጣ። ሥዕሉን እንደ አዲስ መሥራት አያስፈልግም፤ ሦስተኛው ክር ላይ ያለችውን ነጥብ አጥፉና ከጎኑ «ማይነር» ብላችሁ ጻፉ። የኤና የዲ ሥዕሎች ትክክል ናቸው፣ አትንኳቸው።

አንድ አንባቢያችሁ
ከታኮማ፣ ዋሽንግተን