ተራ ለሚጠብቅ ሰው የሚሆን ጌም

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን ስለ ሞባይል ጌም ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ልጆች ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ያላችሁት እውነት ነው። ጌምን ሁሉ «ጊዜ በላተኛ» ብላችሁ በአንድ ላይ መፈረጃችሁ ግን አልተዋጠልኝም።

ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ እነዳለሁ። የእኛ ጊዜ የተቆራረጠ ነው። መነኻሪያ ተራ ይዘን እንቆማለን፣ ረዳቱ «ኮምቦልቻ! የሞላ!» እያለ ይጣራል፣ መኪናው ግን መቼ እንደሚሞላ አይታወቅም። ፊልም አይጀመርበት፣ አይተኛበት። ያኔ ነው ስልኬን አውጥቼ የድሮውን ዓይነት የተኩስ ጌም የምከፍተው።

የዚህ ጌም ባሕርይ ከአፈጣጠሩ የመጣ ነው። ከእነዚህ የድሮ የተኩስ ጌሞች አንዱ የሆነውን ስፔስ ኢንቬደርስን በ1978 እ.ኤ.አ. የሠራው ጃፓናዊው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ነው፤ የሚጫወቱትም ሳንቲም በሚከተትበት ማሽን ላይ ነበር። ባለ ማሽኑ የሚያተርፈው አንዱ ቶሎ ተሸንፎ ሌላ ሳንቲም ሲገባ ስለሆነ ጨዋታው አጭር መሆን ነበረበት። ግራ፣ ቀኝ፣ ተኩስ፤ ሌላ የሚጠና ነገር የለውም። 55 ጠላቶች በአምስት ረድፍ ተሰልፈው ይወርዳሉ፤ እየተመቱ ባነሱ ቁጥር የቀሩት ይፈጥናሉ። የዚያ ዘመን ኮምፒውተር የሚስለው ሲቀንስለት በራሱ ፈጠነ፣ ኒሺካዶም እንዳለ ተወው። የመጨረሻዋን ጠላት ስታሳድድ ልብህ ሲመታ ይሰማሃል! በ1981 እ.ኤ.አ. በወጣው ጋላጋ በሚባለው ጌም ደግሞ ጠላት የጠፈር መርከብህን በጨረር ስቦ ይማርካታል፤ ማራኪውን መትተህ ካስለቀቅካት ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ይተኩሱልሃል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ነው።

ታናሽ ወንድሜ የሚጫወተው በኢንተርኔት የሚገጥሙበትን ትልቁን የጦርነት ጌም ነው። እናታችን ምሳ አቅርባ «ና ልጄ፣ ቀዘቀዘ» ስትለው፣ «ቆይ እማ፣ ጓደኞቼን ጥዬ አልወጣም» ይላታል። ልጁ ባለጌ ሆኖ አይደለም፣ ጨዋታው አይለቀውም። ዳታውንም ይጨርሰዋል። እኔ ረዳቱ «ሞልቷል!» ሲል ስልኬን ኪሴ ከትቼ መሪ እይዛለሁ። የሚቀርብኝ ነገር የለም።

የሚያናድደኝ፣ ዛሬ ስልክ ላይ የሚጫኑት ብዙዎቹ ይህን መልካም ነገር ማበላሸታቸው ነው። ነፍስ ሲያልቅብህ «ማስታወቂያ እይ» ወይም «ክፈል» ይሉሃል። ሳንቲሙ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ያውም ሥራ ላይ ያለን ሰው እየጎተተ።

ስለዚህ ስለ ጌም ስትጽፉ አንዱ ዙር ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ያለ ዳታ ይሠራ እንደሆነ፣ መሃል ላይ ማቆም ይቻል እንደሆነም ንገሩን። ወላጅ ይህን አውቆ ቢመርጥ ከልጁ ጋር የሚጨቃጨቀው ይቀንሳል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ግቢ ተማሪዎችም ይህን ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል፤ አጭርና ማስታወቂያ የሌለው የተኩስ ጌም መሥራት ከእነሱ አቅም በላይ አይደለም። ቅዳሜ ወደ ደሴ ሲወጡ ብዙዎቹ በእኔ መኪና ይሳፈራሉ። የሠራ ካለ ያሳየኝ፤ ተራዬን እየጠበቅኩ ሞክሬ የቱ ጋ እንደሚንቀራፈፍ እነግረዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የሚኒባስ ሹፌር፣ ከደሴ